በረንዳችን ላይ ተርብ በዝቶብናል፣ ምን ይሻላል? (ድሬዳዋ)

የሳቢያን እናት

ሰላም ለሁላችሁ። ድሬ ሳቢያን ነው የምንኖረው። ኪራይ ቤት ነው፣ ጣራው ቆርቆሮ፣ ፊት ለፊት በረንዳ አለው፣ ግቢው ውስጥ አንድ ማንጎና አንድ ኒም አለ። ካለፈው ዝናብ ወዲህ ተርብ በዝቶብናል። ጠዋት ጠዋት ሮቶው ስር ያለችው ቧንቧ ጋ ይሰበሰባሉ፣ ከሰዓት በረንዳው ጣራ ስር ሲገቡ ሲወጡ ይታያሉ። ማንጎ ስልጥ ሳህኑ ላይ ናቸው። ቋንጣ ያሰጣሁ ቀንማ ልጆቹን ከቤት ማስወጣት አልቻልኩም።

ትልቁን ልጄን አንገቱ ላይ ነድፎት ጆሮው ስር ድረስ አበጠ። ትንሿ ሦስት ዓመቷ ነው፣ ግቢውን በባዶ እግሯ ነው የምትዞረው። አማቴ ደግሞ ሙቀቱ ሲበረታ በረንዳ ላይ ነው የሚተኙት። በዚህ ወበቅ ውስጥ ግቡ ብዬ ላስገድዳቸው አልችልም።

አንዱ ጎረቤት ጋዜጣ ጠቅልለሽ ለኩሽና አቃጥያቸው ይለኛል። ሌላዋ ፍሊት ንፊባቸው ትላለች። አከራዩ ተዪያቸው በራሳቸው ይሄዳሉ ባይ ነው። ስልኬ ላይ ያነበብኩት ሁሉ ደግሞ ብርዱ ሲገባ ይሞታሉ፣ እስከዚያ ታገሱ ይላል። ድሬ ላይ የቱን ብርድ ነው የምጠብቀው?

የምጠይቃችሁ፣ ጎጆ መሥራታቸውን በምን ላውቅ? አደገኛ የሆነውንና ያልሆነውን በምን ልለይ? ካጠፋኋቸው በኋላስ እንዳይመለሱ ምን ላድርግ? የምታውቁ ንገሩኝ፣ ልጆቼን ሰግቻለሁ።

ከዚራ ቀለም ቀቢ

አቦ እህቴ፣ መጀመሪያ እሳቱን እርሺው። እሱን ሳንስማማ ሌላውን ብናወራ ዋጋ የለውም። ሥራዬ ስለሆነ የድሬ ቤት ጣራ ስር ምን እንዳለ አውቀዋለሁ። ለዓመታት የደረቀ የጣራ እንጨት (ሞራሌ) አለ፣ አቧራ የጠገበ ኮርኒስ አለ፣ ከላዩ የተላጠ የመብራት ሽቦ አለ። የነደደ ጋዜጣ ወደዚያ ስታስጠጊ ቤቱ ይያያዛል። ያልተቃጠለው ተርብ ደግሞ ፊትሽ ላይ ይመጣል፣ አንቺ ወንበር ላይ ቆመሽ።

ብርድ ይገድላቸዋል የሚለው የቀዝቃዛ አገር ምክር ነው። እዚያ ውርጭ ሲመጣ የጎጆው ተርብ በሙሉ ያልቅና ያረገዙት እናቶች ብቻ ተደብቀው ይከርማሉ፣ ሲሞቅ ወጥተው አዲስ ይጀምራሉ። ድሬ 1,200 ሜትር አካባቢ ላይ ያለች ሞቃት ከተማ ናት። የሚገድላቸው ውርጭ ስለሌለ ዝም ስላልሽ አያልቁም። ስለዚህ አከራይሽ ያሉትን ተስፋ አድርገሽ አትቀመጪ።

ጎጆ አለ ወይ ላልሽው፣ አንድ ሁለት ተርብ ማንጎ ላይ ስላየሽ ጎጆ አለ ማለት አይደለም፣ ከሌላ ግቢም ይመጣሉ። ጠዋት ፀሐይ ሞቅ ስትል ራቅ ብለሽ ቁጭ በይና አካሄዳቸውን ተከታተይ። በአንድ መስመር እየመጡ እዚያው አንድ ነጥብ ላይ የሚጠፉ ከሆነ ቤታቸው እዚያ ነው። ውሃ ጋ ያሉትንም ተመልከቻቸው፣ ጠጥተው የሚበሩበት አቅጣጫ ወደ ጎጆው ይመራሻል።

እኔ በሥራ ላይ የሚያጋጥሙኝ ሦስት ዓይነት ናቸው። አንደኛው ወረቀት የመሰለ ጎጆ የሚሠራው ነው። እንጨት በጥርሱ እየፋቀ በምራቁ ያላውሰዋል፣ ሲደርቅ ግራጫ ይሆናል። ጎጆው በአንዲት ቀጭን ግንድ ተንጠልጥሎ ወደ ታች የተከፈተ ነው፣ ቀዳዳዎቹ እንደ ማር እንጀራ የተደረደሩ። ተርቡ ረጅም እግር አለው፣ ሲበር እግሮቹ ወደ ታች ይንጠለጠላሉ። የሚሰፍረው በረንዳ ጣራ ስር፣ መስኮት ጠርዝ ላይ፣ ብዙ የማይከፈት በር ጀርባ፣ ቆጣሪ ሳጥን ውስጥ ነው። የአንቺ ይሄ ይመስለኛል።

ሁለተኛው ጭቃ ሠሪው ነው። ወገቡ ክር የምታክል፣ ጥቁርና ቢጫ። ግድግዳ ላይ የጭቃ ቱቦ ይለጥፋል። ይሄን ልጆችሽ አጠገብ ብታዪው እንኳን አትደንግጪ፣ ብቻውን የሚኖር ነው፣ ቤቱን አይጠብቅም፣ በእጅ ካልጨበጡት አይነድፍም። ጭቃው ውስጥ ያለው ምግብ ሸረሪት ነው፣ እየነደፈ ያደነዝዛትና ለልጁ ያሽጋታል። ጭቃው ላይ ክብ ቀዳዳ ካየሽ ልጁ አድጎ ወጥቷል፣ በስፓቱላ ልጠሽ ጣይው።

ሦስተኛው ቀዳዳ ውስጥ የሚገባው ነው፣ ግድግዳ ስንጥቅ ወይም መሬት ውስጥ። ጎጆው አይታይም፣ የምታዪው መግቢያውን ብቻ ነው። እሱን ራስሽ አትነካኪው። ምን ያህል እንዳሉ አታውቂም።

የምትችዪ ከሆነ ጎጆውን ከርቀት ስልክሽን አቅርበሽ ፎቶ አንሺና ምን እንደሚመስል ንገሪን።

ነርስ ነኝ፣ ሐረር

እኔ ስለ ንድፊያው ልበል፣ በተለይ ትንሽ ልጅ አለችኝ ስላልሽ።

ተርብ እንደ ንብ መንደፊያውን ቆዳ ውስጥ ጥሎ አይሄድም፣ ስለዚህ ደጋግሞ ይነድፋል። ንብ ከሆነች መንደፊያዋ ቆዳው ላይ ይቀራል፣ በጥፍርም በምንም ቶሎ ማውጣት ነው፣ ፍጥነቱ ነው የሚጠቅመው። ከተነደፉ በኋላ መጀመሪያ ከቦታው መራቅ። ከዚያ በሳሙናና በውሃ ማጠብ፣ በረዶ በጨርቅ ጠቅልሎ ለ10 ደቂቃ ያህል መያዝ፣ እጅ ላይ ከሆነ ቀለበትና አምባር ሳያብጥ በፊት ማውለቅ። ለህመሙ ፓራሲታሞል ይበቃል፣ ለማሳከኩ ሴትሪዚን ፋርማሲ አለ፣ የልጅ መጠኑን ፋርማሲስቱን ጠይቂ። ለልጅ አስፒሪን አይሰጥም። ነጭ ሽንኩርት፣ የጥርስ ሳሙና፣ ናፍጣ፣ ጭቃ ቀብተው የሚመጡ ብዙ አያለሁ። ቆዳውን ያቆስለዋል እንጂ መርዙን አያወጣውም፣ እባካችሁ ተዉት።

የልጅሽ አንገት እስከ ጆሮው ስር ማበጡ ያስፈራል ግን የተነደፈበት አካባቢ ብቻ ከሆነ ብዙ ጊዜ በሁለት ሦስት ቀን ይቀንሳል። እየባሰ ከሄደ፣ ትኩሳት ካመጣ ወይም መግል ከያዘ ይታይ።

አሁን የምለውን ግን ቤት ያለ ሰው ሁሉ፣ አማትሽም ጭምር ይወቁት። ከተነደፈበት ቦታ ርቆ መላ ሰውነት ላይ ሽፍታ ከወጣ፣ ከንፈር ወይም ምላስ ካበጠ፣ ድምፅ ከጎረነነ፣ ትንፋሽ ካጠረ፣ ካስመለሰ፣ ካዞረው ወይም ራሱን ከሳተ ይሄ አለርጂ ነው፣ ሰው ይገድላል። ብዙ ጊዜ በደቂቃዎች ውስጥ ነው የሚጀምረው። መድኃኒቱ ጭን ላይ የሚወጋ አድሬናሊን ነው። ሴትሪዚን አይተካውም። ስለዚህ ውጦ ይሻለው ይሆን ብሎ መጠበቅ የለም፣ ባጃጅም ሆነ የጎረቤት መኪና የተገኘውን ይዞ በቅርብ ወዳለ ሆስፒታል ድንገተኛ መብረር ነው። እስኪደርስ አስተኙት፣ እግሩን ከፍ አድርጉ፣ ትንፋሽ ካጠረው ግን ቁጭ ብሎ ይሁን። ቆሞ እንዳይሄድ። አፍ ውስጥ ወይም ጉሮሮ ላይ የተነደፈም፣ በአንድ ጊዜ ብዙ ቦታ የተነደፈ ልጅም ምልክት ሳይጠበቅ ይሂድ።

ሌላው፣ ለስላሳ በቆርቆሮ ከፍታችሁ ግቢ ውስጥ አታስቀምጡ። ተርቡ ይገባበታል፣ ልጁ ሳያይ ይጠጣዋል። በብርጭቆ ቅጂላቸው።

የለገሃሬ ልጅ

እኛ ሰፈር መሬት ቀዳዳ ውስጥ ነበሩ፣ ማታ ቤንዚን ደፋንበት ጠፉ። ቀላል ነው ብዙ አታጨናንቋት።

ከዚራ ቀለም ቀቢ

ወንድሜ ልጆች ባሉበት ግቢ ቤንዚን መሬት ላይ አይደፋም። ትነቱ በመሬት እየተሳበ ይሄዳል፣ አጠገቡ ከሰል የሚያቀጣጥል ወይም ሲጋራ የሚጥል ካለ ይነሳል። ግቢዋ ማንጎ አለበት፣ አፈሩም ይበከላል። ይሄን ለማንም አትምከር።

ሐረር ዙሪያ ንብ አናቢ

ሰላም። እኔ አትክልትም ንብም አለኝ፣ ከሁለቱም በኩል አየዋለሁ። ሁላችሁም ስለማጥፋት ነው የምታወሩት፣ ግን ተርብ ሁሉ ይጥፋ ብሎ መነሳት ትክክል አይደለም። ወረቀት ጎጆ የሚሠራው ተርብ ልጆቹን የሚመግበው ትል ነው። ጎመንና ቲማቲም ላይ ያለውን አባጨጓሬ ለቅሞ፣ አኝኮ፣ ኳስ አድርጎ ይወስዳል። ዝንብም ይይዛል። ትልልቆቹ ራሳቸው ጣፋጭ ነገር ይልሳሉ፣ ለዚያ ነው ማንጎሽ ላይ የሚመጡት። ሥጋውም ለእጮቹ ነው፣ ቋንጣሽን ቆርጠው የሚወስዱት ለዚያ ነው። ዝናብ ካለፈ በኋላ የበዙብሽም ቅጠሉ ሲለመልም ትሉ ስለሚበዛ ነው።

እኔ የምለው፣ ጎጆው ማንጎው አናት ላይ ወይም ሰው የማይደርስበት አጥር ጥግ ከሆነ ተዪው። ሰው በጭንቅላቱ የሚያልፍበት፣ ልጅ እጁ የሚደርስበት፣ ሰው የሚተኛበት ቦታ ከሆነ ግን ይነሳ፣ እዚያ ላይ ክርክር የለኝም። ለአማትሽ መኝታ ቅርብ የሆነው መነሳት አለበት።

አንድ ነገር ደግሞ ለምኛችኋለሁ፣ ንብን ከተርብ ለዩ። ንብ ጠጉራም ናት፣ ቡናማ ነገር፣ ወገቧ እንደ ተርብ አልቀጠነም። ተርብ ለስላሳና የሚያብለጨልጭ ነው። ዛፍ ላይ የተንጠለጠለ የንብ መንጋ ካያችሁ ብዙ ጊዜ መንገደኛ ነው፣ በሰዓታት ወይም በጥቂት ቀናት ውስጥ ተነስቶ ይሄዳል። ልጆቹን አስገብታችሁ ንብ አናቢ ጥሩ። ድንጋይ የሚወረውር ልጅ ካለ ያዙት። የኛ አገር ንብ ከተነሳች በመቶ ሆና ነው የምትመጣው፣ ያን ጊዜ ሩጦ ቤት ገብቶ በር መዝጋት ብቻ ነው። ውሃ ውስጥ መደበቅም አይሠራም፣ ላዩ ላይ ይጠብቁሃል።

ትልልቅ፣ ቀላ ያለ ቡናማ፣ ሆዱ ላይ ሰፊ ቢጫ ቀለበት ያለውና ፊቱም ቢጫ የሆነ ተርብ ካያችሁ ደግሞ ተጠንቀቁ። ቀፎዬ በር ላይ ቆሞ ንቦቼን የሚጠልፍብኝ እሱ ነው። መሬት ወይም ግድግዳ ቀዳዳ ውስጥ ነው የሚኖረው፣ ጎጆው አጠገብ ኃይለኛ ነው።

የሳቢያን እናት

ሁላችሁንም አላህም እግዜርም ይስጥልኝ። የነርሷን ጽሑፍ ለአማቴ ሙሉውን አነበብኩላቸው።

ዛሬ ጠዋት ቁጭ ብዬ ተከታተልኩ። ሦስት ነገር አገኘሁ። አንዱ በረንዳው ጥግ፣ ሞራሌው ስር፣ ግራጫ፣ ወደ ታች የተከፈተ፣ መዳፌን የሚያክል። ላዩ ላይ የተቀመጡ ተርቦች አሉ፣ አሥር አሥራ አምስት ይሆናሉ። ልክ አማቴ ከሚተኙበት በላይ ነው። ሁለተኛው መኝታ ቤት ውስጥ መጋረጃው ጀርባ ጭቃ ተለጥፏል፣ ቀዳዳ አለው። ሦስተኛው ያሳሰበኝ ነው፣ ቆጣሪ ሳጥኑ ውስጥ ይገባሉ። ቆጣሪ የሚያነበው ልጅ ይነደፋል ብዬ ፈራሁ።

በረንዳው ላይ ያለውን ራሴ ላንሳው ወይስ ሰው ልፈልግ? ባለቤቴ እኔ አነሳዋለሁ ይላል።

ከዚራ ቀለም ቀቢ

መዳፍ የሚያክለውን ባለቤትሽ ሊያነሳው ይችላል። መጀመሪያ ግን፣ ከዚህ በፊት ተነድፎ መላ ሰውነቱ ሽፍታ ወጥቶበት ወይም ትንፋሽ አጥሮት የሚያውቅ ከሆነ አይንካው። ከፍ ያለ መሰላል የሚፈልግ ከሆነም አይንካው። ተርብ ሲነሳ ሰው ደንግጦ ይወድቃል፣ ከመርዙ ይልቅ ውድቀቱ ይሰብራል።

እኔ እንዲህ ነው የማደርገው። አንድ ሊትር የሚይዝ ውሃ መርጫ ፕላስቲክ ግዢ፣ ላስቲክ ጫፉን ስታጠብቂው ውሃውን ቀጥ አድርጎ የሚረጨውን ዓይነት። ውሃ ሞልተሽ ሁለት ሦስት የሾርባ ማንኪያ ላርጎ ጨምሪበት። ሳሙናው ተርቡ የሚተነፍስባቸውን ቀዳዳዎች ውሃ እንዲገባባቸው ያደርጋል፣ ክንፉም ይከብደዋል፣ ወዲያው ነው የሚወድቀው። መርዝ አይደለም፣ አማትሽ ነገ እዚያው ይተኛሉ። ፍሊትም ይገድላል፣ ግን በረንዳው ላይ ፍራሽ አለ፣ ሮቶ አለ፣ ምግብ አለ። ፍሊት የምትጠቀሚ ከሆነ ከሰልና ሻማ በሌለበት፣ ልጆቹ ገብተው፣ ዕቃው ተነስቶ ይሁን። የእርሻ ኬሚካል በጭራሽ ቤት አይግባ።

ሰዓቱ ከመሸ በኋላ ወይም ሳይነጋ በፊት ነው። ያን ጊዜ ከሞላ ጎደል ሁሉም ጎጆው ላይ ናቸው፣ ቀዝቀዝ ስለሚል መነሳት ያቅታቸዋል። ቀን ካደረጋችሁት ግማሾቹ ውጭ ናቸው፣ ማታ ተመልሰው ሲመጡ ተናደው ይዞራሉ። ልጆቹና አማትሽ ቤት ገብተው መስኮት ይዘጋ። የበረንዳው መብራት ይጥፋ። ባትሪውን እጁ ላይ አይያዝ፣ ወደ ብርሃን ስለሚበሩ ራቅ አድርጎ መሬት ላይ ያስቀምጠው። ከተቻለ ቀይ ፌስታል ሸፍኑበት፣ ቀይ ብርሃን እምብዛም አይታያቸውም።

ሽርጥና ሲሊፐር ለብሶ አይምጣ። ጂንስ፣ ረጅም እጅጌ ያለው ወፍራም ነገር፣ ካልሲ ሱሪው ላይ ወጥቶ፣ አንገቱና ፊቱ ላይ ሻርፕ፣ ጓንት። ከጎጆው ቀጥታ ስር አይቁም፣ ወደ ጎን ይሁን፣ የሚሸሽበት መንገድ ከኋላው ክፍት ይሁን። ሳያቋርጥ ያርከፍክፍበት እስኪወድቁ ድረስ። የወደቁትን በእጅ ወይም በባዶ እግር እንዳትነኩ፣ የሞተ የመሰለ ተርብም ይነድፋል። አንድ ተርብ ጎጆው አጠገብ ጨፍልቆ መግደልም ጥሩ አይደለም፣ ከመርዙ የሚወጣው ሽታ ሌሎቹን የሚጠራ ዓይነት አለ።

ጠዋት ማንም እንደሌለ ካያችሁ ጎጆውን በስፓቱላ ፍቃችሁ ፌስታል ውስጥ አስራችሁ ጣሉት። የተንጠለጠለባት ግንድ ትቀራለች፣ እሷንም ፋቁ። ቦታውን በሳሙና እጠቡ። ከዚያ ሞራሌውን ዘይት ቀለም ቀቡት። ይሄን የምለው ቀለም ቀቢ ስለሆንኩ አይደለም፣ ያልተቀባ፣ ፀሐይ የፈነቀለው እንጨት ለእነሱ የወረቀት ጥሬ ዕቃ ነው። እዚያው ጎጆ ይሠራሉ፣ እዚያው እንጨት ይፍቃሉ።

መብራትና ኤሲ ሠራተኛ

ቆጣሪ ሳጥን የሚል ስላየሁ ገባሁ። እህቴ እዚያ ላይ የሳሙና ውሃም፣ ፍሊትም፣ ምንም ፈሳሽ እንዳይረጭ! ውሃው ኮረንቲ ይዞ ይመጣል። ፍሊት የሚቀጣጠል ጋዝ አለው፣ ሳጥኑ ውስጥ ብልጭታ ሊኖር ይችላል። ቆጣሪው የድርጅቱ ንብረት ነው፣ መብራት ኃይል ደውላችሁ አሳውቁ፣ ቢያንስ ለሚያነበው ልጅ ወረቀት ለጥፉለት፣ «ተርብ አለ» ብላችሁ በትልቁ። ሳጥኑ በራችሁ አጠገብ ከሆነ እስኪመጡ ልጆቹ በሌላ በኩል ይውጡ።

ጭቃ ሠሪውን ሁላችሁም አይነድፍም ብላችሁ ንቃችሁታል። አይነድፍም፣ ልክ ነው። እኔን ግን በየጊዜው የሚያስጠራኝ እሱ ነው። የኤሲ ውሃ ማስወገጃ ቱቦ ውስጥ ይገባና በጭቃ ይደፍነዋል፣ ውሃው ወደ ቤት ይመለስና ግድግዳው ይበላሻል። ሰው ኤሲው ተበላሸ ብሎ ይጠራኛል፣ ስከፍተው ጭቃና የደረቀ ሸረሪት። የቱቦው ጫፍ ላይ ቀጭን የሽቦ ወንፊት ማሰር ነው መፍትሔው። የማይሠራበት ቬንትሌተር፣ ክፍት የብረት ቱቦ፣ የማብሰያ ጋዝ ላስቲክ ተፈትቶ የተቀመጠ ካለም ጫፉን ሸፍኑ።

ቀላል ነገር እንዳይመስላችሁ። በፈረንጆቹ 1996 ዶሚኒካን ሪፐብሊክ አጠገብ ባሕር ላይ የወደቀው የቢርገንኤር ቦይንግ 757፣ 189 ሰው ነው ያለቀበት። የፍጥነት መለኪያው ቱቦ ተደፍኖ ነበር፣ መርማሪዎቹ የጠረጠሩት ጭቃ ሠሪ ተርብን ነው። አውሮፕላኑ ለቀናት ቆሞ ቱቦው ሳይሸፈን ነበር የቀረው።

የጁገል ቤት

ሐረር ጁገል ውስጥ የድሮ የድንጋይ ቤት ነው ያለን። እኛ ጋ ከድሬ ቀዝቀዝ ይላል፣ 1,800 ምናምን ሜትር ላይ ነው፣ ቢሆንም ተርብ አለ። የኛ ችግር የድንጋዩ መሃል ነው። ጭቃው ሲራገፍ ቀዳዳ ይከፈታል፣ እዚያ ይገባሉ።

ለረመዳን ቤቱ ሲቀባ እግረ መንገዳችንን ቀዳዳውን ሁሉ እናያለን፣ ስንጥቁን በጭቃና በኖራ እንሞላለን። ከዚያ ወዲህ ቀንሰዋል። ግን አንድ ነገር ልብ በሉ፣ ተርብ እየገባ እየወጣ ያለበትን ቀዳዳ አትድፈኑ! ውስጥ የቀሩት ሌላ መውጫ ይፈልጋሉ፣ እንጨትም ኮርኒስም እየበሉ ወደ ክፍሉ ይወጣሉ። ጎረቤታችን ሳሎናቸው ውስጥ ነው የወጣባቸው። መጀመሪያ ጎጆው ይጥፋ፣ ለጥቂት ቀናት ማንም እንደማይገባ ይታይ፣ ከዚያ ይደፈን። እንዲህ ያለውን ሥራ ልምድ ላለው ሰው ከፍሎ ማሠራት ይሻላል።

ሐልዋና ተምር ደግሞ ሳይከደን አታስቀምጡ። እንግዳ ሲመጣ ትሪው ክፍት ሆኖ ይቀራል፣ ወላሂ ከሩቅ ነው የሚሸታቸው።

ሐረር ዙሪያ ንብ አናቢ

እንዳይመለሱ ምን ላድርግ ላልሽው እኔ ልጨምር፣ ይሄ ነው ዋናው ሥራ። ጎጆ ማንሳት የአንድ ማታ ጉዳይ ነው።

ድሬ ላይ ከሁሉ በፊት የሚጠራቸው ውሃ ነው። በደረቁ ወራት እነሱም ይጠማሉ፣ ጎጆአቸውንም በውሃ ነው የሚያቀዘቅዙት። እየመጡ ጠብታ ጎጆው ላይ ያደርጉና በክንፋቸው ያራግቡታል። የምታንጠባጥበውን ቧንቧ ላስቲኳን ቀይሪ፣ ዋጋው ኢምንት ነው። ከሮቶው ስር የሚጠራቀመውን ውሃ በጠጠር ሙዪው። ጭቃ ሠሪውም ጭቃ የሚወስደው ከዚያው ነው። ውሃ የግድ የሚኖርበት ቦታ ካለ፣ ለዶሮ ለምናምን፣ ከበረንዳው አርቀሽ አስቀምጪው።

ማንጎ ሲደርስ የወደቀውን በየቀኑ መልቀም። የተሰነጠቀ ማንጎ ፀሐይ ላይ ውሎ ሲፈላ ሽታው ሰፈሩን ያዳርሳል። ልጣጩን ፌስታል ውስጥ አስሮ ክዳን ባለው ባልዲ። የቆሻሻ ባልዲው ራሱ ይታጠብ፣ ውስጡ የሚጣበቀው ጭማቂ ይበቃቸዋል። ቋንጣ ስትሰቅዪ በስስ ጨርቅ ወይም በአጎበር ቁራጭ ሸፍኚ፣ ሥጋው ላይ እንዳያርፍ አድርገሽ። አየሩ ይገባል፣ ተርቡም ዝንቡም አይገባም።

ወጥመድ የሚሉም አሉ። የሃይላንድ ጠርሙስ አንገቱን ቆርጠሽ ገልብጠሽ መልሰሽ ትከቺበታለሽ፣ ውስጡ ስኳር ውሃ። ይይዛል፣ አዎ። ግን ከጎጆው የወጡትን እንጂ ጎጆውን አያጠፋም፣ በረንዳ ላይ ከሰቀልሽው ደግሞ ጋብዘሻቸዋል ማለት ነው። ከሰቀልሽ አጥሩ ጥግ ይሁን፣ ትንሽ አቼቶ ጨምሪበት፣ አቼቶ ካለበት ንቦቼ አይገቡም።

ከዚራ ቀለም ቀቢ

እስማማለሁ። እኔ የምጨምረው ቀዳዳውን ነው። ቆርቆሮው ከግድግዳው ጋር የሚገናኝበት ያ ሞገድ ሞገድ ክፍተት አለ አይደል፣ የድሬ ተርብ ወደ ኮርኒስ የሚገባው በዚያ ነው። ሁሉንም በሲሚንቶ መድፈን ስህተት ነው፣ ሙቀቱ መውጫ ያጣና ከታች ትጋገራላችሁ። ቀጭን የሽቦ ወንፊት ቆርጦ በሚስማር መምታት። ለኮርኒሱ አየር ማስገቢያ ቀዳዳም እንዲሁ። የመስኮት ፍሬም ስንጥቅ በስቱኮ፣ ኤሲና ሽቦ የገባበት ቀዳዳ በሲሊኮን። አሸንዳው ውስጥ ቅጠል ተጠራቅሞ ውሃ ከያዘ ይጠረግ።

ከዚያ በወር አንዴ፣ ዝናብ ሲያቆም ደግሞ በሳምንት አንዴ፣ ቀና ብሎ ማየት ነው። ጎጆ ሲጀመር አንዲት እናት ወይም ጥቂት ሆነው ነው የሚጀምሩት፣ የአውራ ጣት ጥፍር የምታክል ነገር ናት። ያን ጊዜ ማንሳት ምንም አይደለም። አቆይተሽው ብዙ ሲሆኑ ነው ሥራ የሚሆነው።

የሳቢያን እናት

ትናንት ማታ ባለቤቴ በላርጎ ውሃው አነሳው። እንዳላችሁት ወደ ጎን ቆሞ፣ ጂንስና ካፖርት ለብሶ፣ ላብ በላብ ሆኖ። ሁሉም ወደቁ፣ ማንም አልተነደፈም። ጠዋት ሞራሌውን ፋቅነው። ቧንቧዋም ላስቲኳ ተቀየረ። ለቆጣሪው ደውለናል፣ እንመጣለን ብለዋል፣ ወረቀቱን ለጥፈናል።

አንድ ጥያቄ ቀረኝ። ዛሬ ከሰዓት ሁለት ሦስት ተርብ መጥተው ጎጆው የነበረበት ቦታ ላይ ሲዞሩ ነበር። ሌላ ጎጆ አለ ማለት ነው?

ከዚራ ቀለም ቀቢ

አይደለም። ማታ ውጭ ያደሩ ናቸው፣ ቤታቸውን ፈልገው ነው። ለጥቂት ቀን ይመላለሱና ይተዋሉ። የሚጠብቁት ልጅ ስለሌላቸው እምብዛም አይነድፉም፣ ብቻ ልጆቹ በእጃቸው እንዳያባርሯቸው ንገሪያቸው። ሲያርፉ ካየሻቸው በሳሙና ውሃው ርጪያቸው፣ አለበለዚያ እዚያው እንደገና ሊጀምሩ ይችላሉ። ቀለሙን አታዘግዪው። ሁለት እጅ ይቀባ፣ መጀመሪያ የተቀባው ሳይደርቅ ሁለተኛው አይደረብ፣ በዚህ ሙቀት ላዩ ቶሎ ስለሚደርቅ ውስጡ የደረቀ ያስመስላል። ሞራሌው ከቆርቆሮው ጋር የሚነካካበትን ጎን ሰው ይረሳዋል፣ ትንሽ ብሩሽ ይዞ እሱንም ይቀባው።